ከአሌክሳንድሪያ እስከ ኮልፋክስ፦ የመንገድ ዳር ሰሌዳ እያነበብን

ሰኞ፦ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ዳንቪል

አጎቴ ከደሴ ለጥየቃ መጥተው ቨርጂኒያ እኔ ጋ አርፈዋል። ዋሽንግተንን ጠገቡት። ሙዚየሙም ሐውልቱም ይብቃኝ አሉ። "አሁን አገሩን አሳየኝ" ብለው ያዙኝ። ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲያሽከረክሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ለእሳቸው አገር ማየት ማለት መንገድ መሄድ ነው። እኔም ፈቃድ ወሰድኩና መኪናዬን አሠርቼ ወደ ደቡብ ለመውረድ ተነሳን።

የምንከተለው የታሪክ ሰሌዳዎችን ነው። አሜሪካ ውስጥ የነዳ ሁሉ ያውቃቸዋል። ምሰሶ ላይ የቆመ ብረት፣ ፊደሉ ጎልቶ የወጣ፣ ብዙ ጊዜ አናቱ ላይ የስቴቱ ማኅተም ያለበት። ሁሉም ያያቸዋል፤ ቆሞ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከቤት ሳንርቅ ጀመርን። ዱክ ጎዳና 1315 ቁጥር ላይ አንድ ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ቤት አለ። ከ1828 እስከ 1836 የፍራንክሊንና አርምፊልድ ድርጅት ቢሮ ነበር። ሥራቸው ሰው መሸጥ ነው። ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ እየገዙ፣ በመርከብና በሰንሰለት በእግር፣ ወደ ኒው ኦርሊንስና ናችዝ ይልኩ ነበር። በዚያ ንግድ ከእነሱ የሚበልጥ አልነበረም። ቤቱን ከተማው በ2020 ገዝቶ ዛሬ ሙዚየም ነው። ሰሌዳው ደጁ ላይ ቆሟል። ብዙ ሐበሻ በየቀኑ የሚያልፍበት መንገድ ነው።

ሌላው ሰሌዳ ኩዊን ጎዳና ላይ ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ነው። ኦገስት 21 ቀን 1939 አምስት ጥቁር ወጣቶች አንድ በአንድ ገቡ። የአባልነት ካርድ ጠየቁ። ተከለከሉ። መጽሐፍ አንስተው ዝም ብለው ማንበብ ጀመሩ። ፖሊስ ተጠርቶ ወሰዳቸው። ነገሩን ያቀናበረው ሳሙኤል ታከር የሚባል የ26 ዓመት ጠበቃ ነበር። ከተማው በሚቀጥለው ዓመት ለጥቁሮች ለብቻ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ሠራ። ታከር የዚያን ካርድ አልቀበልም አለ። የወጣቶቹ ክስ በይፋ የተዘጋው በ2019 ነው። ሰማንያ ዓመት!

ጋሼ ሰሌዳ የሚያነቡበት የራሳቸው መንገድ አላቸው። ርእሱን ዘለው በቀጥታ ወደ ታች ይሄዳሉ። ታች ላይ ያቆመው መሥሪያ ቤት ወይም ማኅበር፣ ብዙ ጊዜም የቆመበት ዓመት ይጻፋል። "ጭነት ስትረከብ መጀመሪያ የምታየው ላኪውን ነው" ይላሉ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ማታ ላይ ግን እኔም ከታች መጀመር ለምዶብኝ ነበር።

ወደ ሪችመንድ የወረድነው በሩት 1 ነው። በኢንተርስቴቱ ቢሆን ቶሎ እንደርስ ነበር፣ ሰሌዳ ግን አናይም። ቨርጂኒያ ይህን ሥራ በ1927 ስትጀምር የመጀመሪያዎቹን የተከለችው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ዛሬ በስቴቱ ከ2,600 በላይ ሰሌዳ አለ።

"በዚህ ፍጥነት ማን ያነበዋል?" አሉ ጋሼ።

እውነት ነው፣ አይነበብም። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ ፊደልና ቁጥር ያለው። የሁሉም ጽሑፍ በመለያው ተራ በመጽሐፍ ይታተማል። ድሮ መንገደኛው ቁጥሩን ብቻ አይቶ ያልፍና ከመጽሐፉ ያነባል። እኛ ግን ቆምን። ጋሼ ጥግ የመያዝ ሱስ አለባቸው። የምናነበው በአብዛኛው የእርስ በርስ ጦርነቱን ነው። እገሌ ጄኔራል እዚህ ሰፈረ፣ እገሌ ወንዙን እዚህ ተሻገረ። በሰልፉ ውስጥ ምግብ አብሳዩ፣ ፈረስ ጠባቂው፣ ጉድጓድ ቆፋሪው ማን እንደነበር የሚል ግን ከስንት አንድ ነው።

ከሪችመንድ በ360 ወደ ዳንቪል ሄድን። እዚያ ጋሼ ከልባቸው ያነበቡት የባቡር አደጋ ሰሌዳ ነው። ሴፕቴምበር 27 ቀን 1903 ቁጥር 97 የተባለ ፈጣን የፖስታ ባቡር ዘግይቶ ነበር። ነጂው የባከነውን ሰዓት ለማካካስ ሲበር ከድልድይ ላይ ወደቀ። 11 ሰው ሞተ። "አየህ፣ ሹፌር ላይ ሰዓት የሚቆርጥ እሱ መሪውን አይዝም" አሉና ብዙ ቆዩ። በአሰብ መንገድ ያለፉ ጓደኞቻቸውን እየቆጠሩ መሰለኝ። አልጠየቅኋቸውም።

ማክሰኞ፦ ግሪንስቦሮና ሙርስ ፎርድ

ግሪንስቦሮ፣ ሰሜን ካሮላይና። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1960 አራት ተማሪዎች ዎልዎርዝ ሱቅ የምሳ መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ። ኢዜል ብሌር፣ ዴቪድ ሪችመንድ፣ ፍራንክሊን ማኬይን፣ ጆሴፍ ማክኒል። ቡና አዘዙ። ለጥቁር ተቀምጦ መስተናገድ የለም ተባሉ። እስኪዘጋ ተቀመጡ፤ በማግስቱ ጓደኛ ጨምረው ተመለሱ። ሱቁ ዛሬ ሙዚየም ነው። የስቴቱ ሰሌዳ ጽሑፍ ግን ጥቂት መስመር ብቻ ናት። ሰሜን ካሮላይና ቁጥብ ናት፤ እኔ እንዲህ ያለውን እወዳለሁ። ረጅም ሰሌዳ ላይ መጨረሻው ሳይደረስ የኋላው መኪና ጡሩምባ ይነፋል።

ከሰዓት በኋላውን በኢንተርስቴት 85 ላይ ጨረስነው። አትላንታ ሳንገባ ሞንሮ ወደምትባል ከተማ ታጠፍን። ሀይዌይ 78 ዳር የሙርስ ፎርድ ሰሌዳ አለ። ድርጊቱ የተፈጸመው ከሰሌዳው 2.4 ማይል ርቆ፣ አፓላቺ ወንዝ ድልድይ ጋ ነው። ጁላይ 25 ቀን 1946 ጆርጅ ዶርሲና ሚስቱ ሜይ መሪ፣ ሮጀር ማልኮምና ሚስቱ ዶሮቲ ከመኪና ወረዱ። ፊቱን እንኳ ያልሸፈነ መንጋ በጥይት ደበደባቸው። ጆርጅ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰ ወታደር ነበር። የተፈረደበት ሰው የለም።

ጋሼ ጎንበስ ብለው ታቹን አነበቡ። 1999። "ሃምሳ ሦስት ዓመት" አሉ። ያቆሙት የጆርጂያ የታሪክ ማኅበርና የአካባቢው ነጭና ጥቁር ሰዎች ያቋቋሙት የመታሰቢያ ኮሚቴ ናቸው። ስቴቶች የመንጋ ግድያን በራሳቸው ሰሌዳ ላይ ከጻፉባቸው ቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ሰሌዳው ራሱ ላይ ያልተፈታ ግድያ ይላል። መንግሥታዊ ቅርጽ ባለው ብረት ላይ "ገዳዩ አልተያዘም" የሚል ነገር ማንበብ ደስ አይልም፤ ግን አልዋሸም።

ማታ ክላርክስተን ገባን። ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ከተማ ናት። ክትፎ በልተን ጋሼ ሦስተኛውን ቡና ሳይጨርሱ አንቀላፉ።

ረቡዕ፦ ሞንትጎመሪ

የሞንትጎመሪ መሀል አደባባይ ፏፏቴ አለው። ቆመው ቢዞሩ የሰሌዳ ጫካ ነው። እዚህ ሰው በጨረታ ተሸጧል። እዚያ ማዶ ካለው ሕንጻ በ1861 ፎርት ሰምተር በተባለው የፌዴራል ምሽግ ላይ እንዲተኮስ የሚል ቴሌግራም ወጥቷል፤ ጦርነቱም በዚያ ተጀመረ። ወንበሬን ለነጭ አልለቅም ብላ የታሰረችው ሮዛ ፓርክስ ዲሴምበር 1 ቀን 1955 አውቶቡስ የተሳፈረችው ከዚሁ ነው። ሁሉም በአንድ ትንፋሽ በእግር የሚዳረስ ነው። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ሰሌዳ የነበረው የኮንፌዴሬሽኑ፣ ማለትም ባርነት እንዳይቀር ብለው የተገነጠሉት የደቡብ ስቴቶች፣ ታሪክ ነው። ስለ ሰው ንግዱ ሦስት ሰሌዳ የቆመው በ2013 ነው። ያቆመው ኢኩዋል ጀስቲስ ኢኒሼቲቭ የሚባለው የጠበቆች ድርጅት ነው። በብራያን ስቲቨንሰን ይመራል።

ይኸው ድርጅት በኤፕሪል 2018 ኮረብታው ላይ በመንጋ ለተገደሉ ጥቁሮች ያን ትልቁን መታሰቢያ ከፈተ። ስለ እሱ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የማወራው ስለ ወለሉ ብቻ ነው። ከ800 በላይ ዝገት የለበሱ የብረት ዐምዶች አሉ። እያንዳንዱ የአንድ ካውንቲ (በስቴት ውስጥ ያለ ወረዳ) ነው፤ ከ1877 እስከ 1950 በመንጋ የተገደሉ ሰዎች ስም ተቀርጾበታል። መጀመሪያ ሲገቡ ዐምዶቹ በቁመትዎ ልክ ናቸው፤ ስሙን ፊት ለፊት ያነባሉ። ከዚያ ወለሉ እየወረደ ይሄዳል። ዐምዶቹ እዚያው ናቸው። ሳይታወቅዎ አንገትዎን ወደ ላይ አቅንተዋል። የተሰቀለ ነገር ስር እንደቆሙ ያኔ ይገባዎታል።

የራሳችንን ከተማ ፈለግን። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ሁለት ስም አላት። ጆሴፍ መኮይ 1897፣ ቤንጃሚን ቶማስ 1899። ጋሼ በጣታቸው ወደ ላይ እየጠቆሙ ጮክ ብለው አነበቧቸው። አጠገባችን የነበረች ጥበቃ ዞር ብላ አየችንና ዝም አለች።

ውጪ ደግሞ የእያንዳንዱ ዐምድ መንትያ መሬት ላይ ተጋድሟል። ሐሳቡ ካውንቲዎቹ እየመጡ የራሳቸውን ወስደው አገራቸው እንዲያቆሙ ነው። ብዙው አሁንም እዚያው ተኝቷል። ብልህ ነገር ነው፤ ያልወሰደው ማን እንደሆነ በዓይን ይታያል።

ሐሙስ፦ ሀይዌይ 80

ከሞንትጎመሪ ሴልማ 54 ማይል ነው። በ1965 ለጥቁሮች የመምረጥ መብት የወጡት ሰልፈኞች ከማርች 21 እስከ 25 የሄዱት በዚህ መንገድ ነው። እኛ በተቃራኒው ነዳን። ሰልፈኞቹ ያደሩባቸው እርሻዎች መንገዱ ዳር በሰሌዳ ተጽፈዋል። የዴቪድ ሆል እርሻ፣ የሮዚ ስቲል እርሻ፣ የሮበርት ጋርድነር እርሻ። ለጋሼ ከሁሉ የከበዳቸው ይህ ነው። "ሰልፈኛውማ በማግስቱ ይሄዳል። መሬቱን የሰጠው ገበሬ ነው እዚያው የሚቀረው" አሉ። ልክ ናቸው። ንግግር ያደረገው ሰው ስም የትም ይገኛል፤ የሮዚ ስቲልን ስም ያነበብኩት እዚህ መንገድ ዳር ነው።

ላውንድስ ካውንቲ ውስጥ፣ ከመንገዱ ከፍ ብሎ፣ በብረት አጥር የተከበበ ድንጋይ አለ። የቫዮላ ሊውዞ ነው። የ39 ዓመት ነጭ ሴት፣ የአምስት ልጆች እናት፣ ከዲትሮይት መኪናዋን እየነዳች የመጣች። ሰልፉ ባለቀበት ምሽት ሰልፈኞችን ስታመላልስ ኩ ክለክስ ክላን ከሚባለው የነጭ የበላይነት ማኅበር አራት ሰዎች በመኪና ተከታትለው ተኩሰው ገደሏት። ከአራቱ አንዱ የኤፍቢአይ መረጃ አቀባይ ነበር። የአላባማ ዳኞች (ከሕዝቡ ተመርጠው የሚፈርዱ ናቸው) በማንም ላይ አልፈረዱም። ፌዴራል ፍርድ ቤት ግን ሦስቱን አሥር አሥር ዓመት ፈረደባቸው። ድንጋዩን በ1991 ያቆሙት የሰልፉ መሪ ድርጅት ሴቶች ናቸው። በ1997 አንድ ሰው የኮንፌዴሬት ባንዲራ ቀባበት። ጋሼ አጥሩን ይዘው ወዘወዙት፤ ንቅንቅ አይልም። ጠንካራ ነው።

ሴልማ ላይ ድልድዩን በእግር ተሻገርን። ማርች 7 ሰልፈኞቹ የተደበደቡበት ነው። የድልድዩ ስም እስከ ዛሬ ኤድመንድ ፔተስ ነው፤ የኮንፌዴሬት ጄኔራል፣ ኋላም የክላን መሪና ሴናተር። ስሙ ብረቱ ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ፎቶ የሚነሳ ሁሉ ከስሙ ስር ነው የሚነሳው።

ከዚያ ለማምሸት ፈቅደን ማሪዮን ድረስ ሄድን። የጂሚ ሊ ጃክሰን መቃብር ሀይዌይ 14 ዳር ነው። የሰልፉ መነሻ የእሱ ሞት ነበር። የ26 ዓመት ወጣት፣ ፌብሩዋሪ 18 ቀን በስቴት ፖሊስ ተተኮሰበት፣ ከስምንት ቀን በኋላ ሞተ። ፖሊሱ ጥፋተኝነቱን ያመነው በ2010 ነው፤ የተፈረደበትም ስድስት ወር። የመቃብሩ ድንጋይ ላይ ጥይት የላጠው ቦታ አለ። ለሞተ ሰው ድንጋይ ጥይት ማባከን! ጋሼ ይህን ጊዜ አማተቡ።

ዓርብ፦ ሚሲሲፒ ዴልታ

ረጅም መንገድ። ዴልታ ሲገቡ መሬቱ ይለጠጣል። ኮረብታ የሚባል የለም። ግሪንውድ አልፈን መኒ ደረስን። ከተማ ትባላለች እንጂ ጥቂት ቤትና የባቡር ሐዲድ ናት።

የብራያንት ሱቅ ግድግዳው ብቻ ቀርቷል። ጣሪያው ወድቋል፣ ሐረግ ወርሶታል። ኦገስት 24 ቀን 1955 የ14 ዓመቱ ኤሜት ቲል ከረሜላ ሊገዛ የገባው እዚህ ነው። ባለሱቋን ለከፋት ተባለ። ኦገስት 28 ሌሊት ሁለት ሰዎች ከተኛበት አውጥተው ወሰዱት። አስከሬኑ ከታላሃቺ ወንዝ ወጣ። እናቱ ማሚ ቺካጎ ላይ ሣጥኑ ተከፍቶ ይታይ አለች። ሰምነር ከተማ የተሰየሙት ዳኞች ሁሉም ነጭ ወንዶች ነበሩ፤ በ67 ደቂቃ ነጻ ለቀቋቸው። አንዱ ዳኛ ለስላሳ ባንጠጣ ኖሮ ያን ያህልም ባልቆየን ብሎ ለጋዜጠኛ ተናግሯል። በጃንዋሪ 1956 ገዳዮቹ ገንዘብ ተቀብለው ለመጽሔት "አዎ ገድለነዋል" አሉ። በሕግ ሁለተኛ ስለማይከሰሱ ደፈሩ። የሱቁ ፍርስራሽ ደግሞ ከእነዚያ ዳኞች በአንዱ ቤተሰብ እጅ ነው የቆየው። አጠገቡ ያለውን የድሮ ነዳጅ ማደያ አሳምረው አድሰውታል። ሱቁን ግን እንዲህ ትተውታል።

ሱቁ ፊት ያለው ሰሌዳ በ2011 የቆመ ነው። በ2017 ጽሑፉና ፎቶው ተፍቆና ተልጦ ተገኝቶ ታድሷል።

ወደ ግሌንዶራ አቅጣጫ ሄደን ከአስፋልት ወጣን። የጠጠር መንገድ፣ ግራና ቀኝ እርሻ። ግራቦል ላንዲንግ የሚባለው የወንዝ ዳር፣ አስከሬኑ ወጣበት የሚባለው ቦታ ነው። የዚህ ሰሌዳ ታሪክ ለብቻው ይጻፍ ቢባል ይበቃል። የመጀመሪያው ተነቅሎ ተሰረቀ፣ ወንዝ ውስጥ ተጣለ ይባላል። ሁለተኛው በጥይት ወንፊት ሆነ፤ 317 ቀዳዳ ተቆጥሮበታል። ሦስተኛው በ2018 ቆመና በ35 ቀኑ ተተኮሰበት። አራተኛው በኦክቶበር 2019 የቆመው ነው፤ ጥይት የማይበሳው ብረት፣ 500 ፓውንድ፣ ካሜራ ያለው። በጥይት ከተበሳሱት አንዱን ዋሽንግተን ያለው የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም በ2021 ለሕዝብ አሳይቶታል።

ጋሼ በጣታቸው ቆረቆሩት። "ይህ የታንክ ነው" አሉ። ከዚያ ጥያቄ አመጡ። ስንት ሰው፣ ከአስፋልት ይህን ያህል ገብቶ፣ በሌሊት፣ ብረት ለመምታት? ምን ያስከፋዋል? እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ሰሌዳ ማንም አያነብም ይባላል። ካልተነበበ አይተኮስበትም።

በጁላይ 2023 ቦታው ከሰምነር ፍርድ ቤትና ቺካጎ ላይ የቀብሩ ሥርዓት ከተፈጸመበት ቤተ ክርስቲያን ጋር ብሔራዊ ሐውልት ተብሎ በፕሬዚዳንቱ ታውጇል። ሰምነር ፍርድ ቤቱ ደጅ ላይ የኮንፌዴሬት ወታደር ሐውልትና የቲል ሰሌዳ በአንድ ግቢ ቆመዋል።

ቅዳሜ፦ ኮልፋክስ፣ ሉዊዚያና

ቪክስበርግ ላይ ሚሲሲፒ ወንዝን ተሻግረን ወደ ምዕራብ ነዳን። ኮልፋክስ ሬድ ሪቨር ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ካውንቲ እዚህ ፓሪሽ ነው የሚባለው። ፓሪሹ ግራንት ነው፣ በፕሬዚዳንቱ ስም። ከተማዋ በምክትሉ በስካይለር ኮልፋክስ ስም። ከጦርነቱ በኋላ አዲሱ መንግሥት ስሙን አትሞ የሄደባት ናት።

በ1872 የገዢው ምርጫ ላይ ሁለቱም ወገን አሸነፍኩ አለ። የፓሪሹን ፍርድ ቤት ጥቁር ሪፐብሊካኖች ያዙ፣ ዙሪያውን ቦይ ቆፍረው ጠበቁት። ኤፕሪል 13 ቀን 1873፣ የፋሲካ እሑድ፣ የታጠቁ ነጮች መድፍ ይዘው መጡ። ፍርድ ቤቱን አቃጠሉት። አብዛኛው ሰው የተገደለው እጁን ከሰጠ በኋላ ነው። ሌሊት እስረኞችን እያወጡ ረሸኑ። የሟቹ ቁጥር በትክክል አይታወቅም፤ ከ60 እስከ 150 ይባላል። ከ90 በላይ ሰው ተከስሶ ሦስት ብቻ ተፈረደባቸው። እነሱንም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1876 ለቀቃቸው። ሕገ መንግሥቱ የሚከለክለው ስቴቱን እንጂ ግለሰቡን አይደለም አለ። ከዚያ በኋላ በደቡብ መንጋውን በፌዴራል ሕግ መጠየቅ እጅግ ከበደ።

አሁን ወደ ሰሌዳው። ስቴቱ በ1950 እዚህ አንድ ሰሌዳ ተክሎ ነበር። "በዚህ ስፍራ የኮልፋክስ ሁከት ተነሣ" ይላል። ሦስት ነጮችና 150 ጥቁሮች እንደሞቱ ይቆጥርና፣ ይህም ከሰሜን የመጡ መጤዎች ብልሹ አገዛዝ በደቡብ ያከተመበት ነው ብሎ ይደመድማል። ሰባ ዓመት ቆመ። የተነሣው በሜይ 2021 ነው። ጋሼን የቆመበት ቦታ ላይ አድርሼ ፎቶውን በስልኬ አሳየኋቸው። እንደ ልማዳቸው ታቹን አጉልተው አዩ። "1950?" አሉ። "ያኔ እኮ የዓለም ጦርነት አልቋል። የጀርመን ነገር ታይቷል። እንዴት እንዲህ ይጻፋል?" ቅድም አያቶች የጻፉት መስሏቸው ነበር።

አዲሱ መታሰቢያ በኤፕሪል 13 ቀን 2023፣ በ150ኛው ዓመት ቆመ። ጥቁር ግራናይት ነው፣ የሟቾች ስም ተዘርዝሮበታል። ያሠሩት ሁለት ወገኖች ናቸው። አንደኛው ከመጀመሪያው ሟች ከጄሲ መኪኒ ዘር የሚወለድ፣ ሌላው ከአጥቂዎቹ ወገን። ስሞቹን ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩ። ከአንድ ቤተሰብ ስም ደጋግሞ ይመጣል። ወንድማማቾች ይሆናሉ፤ ወይ አባትና ልጅ።

መቃብር ስፍራው ውስጥ ደግሞ የ1921 ነጭ ሐውልት አለ። ለሞቱት ሦስት ነጮች ነው። "ለነጭ የበላይነት ሲዋጉ የወደቁ ጀግኖች" ይላል በግልጽ። ምንም አልሸፈነም። የከተማው ሰው ዘመዱን ሊቀብር ሲመጣ በዚህ ነው የሚያልፈው።

እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ተጣላን። እኔ ተነሥቶ ሙዚየም ይግባ ባይ ነኝ። መቃብር ላይ ተተክሎ ሲቆይ ክብር ነው፤ ለዚያ ሰፈር ልጅ ምን ብለህ ታስረዳዋለህ? ጋሼ አይስማሙም።

"የ1950ው ዋሽቷል፣ ይነሣ። ይህ አልዋሸም" አሉ። "ለምን እንደገደለ በራሱ እጅ ፈርሞ አስቀምጧል። ይህን አንሥተህ በኋላ ማን ያምንሃል?"

"በጎኑ ማብራሪያ ይቁም እንግዲህ" አልኳቸው።

"ማብራሪያው ላይ ዓመቱን በትልቁ ይጻፉ" አሉ።

ናችቶሽ ድረስ በዚሁ ተከራከርን። አልተግባባንም። እሳቸው ነገ ቴክሳስን እንይ እያሉ ነው፤ እኔ ደግሞ ሰኞ ሥራ አለብኝ።